ከእድር የተዋስኩት ድንኳን

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ መንገድ ዳር የተተከለ ድንኳን ባየሁ ቁጥር፣ ለሠርግ የተተከለ እንኳ ቢሆን፣ መዳፌን ያልበኛል። አሁን ሥራዬ ሰዎች ትንፋሻቸውን እያስተዋሉ እንዲረጋጉ ማስተማር ነው። «እንዴት ገባህበት?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እስካሁን አጭሩን መልስ ነው የምሰጠው። ረጅሙ ይኸውላችሁ።

የላሊበላ ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከልጆቻቸው አንዱ እንኳ መምህር እንዲወጣላቸው ይመኙ ነበር። እኔ ዜማው አልገባ ብሎኝ ከትምህርቱ ጠፋሁና አስጎብኚ ሆንኩ። አስጎብኚ ማለት በአፉ የሚኖር ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት ስለ እነዚያው አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ቋንቋ ሳወራ ኖርኩ፤ ዝም የምለው ስተኛ ብቻ ነው። ሚስቴ «እሱንም ማን አየብህ» ትላለች።

ከዚያ እንግዳ ጠፋ። ያ የጦርነት ክፉ ጊዜም መጣ፣ አለፈ። እንግዳ እንደገና ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ይዤ ወደ ጨለማው ዋሻ ገባሁ። አብያተ ክርስቲያናቱን የሚያገናኝ፣ የሲኦል ምሳሌ ነው የምንለው መተላለፊያ ነው። ልማዳችን መብራት አጥፍቶ ማለፍ ነው። «ቀኝ እጃችሁ ግድግዳው ላይ፣ ግራ እጃችሁ ከራሳችሁ በላይ፣ አይዟችሁ ጨለማው ያልቃል» እላለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

የዚያን ቀን መሐል ላይ ስንደርስ ልቤ ያለ ልክ ይመታ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ። እንግዶቼን እዚያው ጨለማ ውስጥ ጥያቸው ሮጬ ወጣሁ። እነሱ ግድግዳውን እየዳሰሱ በራሳቸው ጊዜ ወጡ፤ የጉብኝቱ አካል መስሏቸው ሊያጨበጭቡልኝ ምንም አልቀራቸው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንቀጠቀጥ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። የመረመረኝ ሰው «ልብህ ከእኔ ልብ ይሻላል። የያዘህ ድንጋጤ ነው» አለኝ። ከዚያም ችግር ያሳለፉ ሰዎችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ወልድያ ላይ ሥልጠና እንደሚሰጥ ነግሮ ላከኝ።

አሠልጣኛችን ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ቁጭ ብለን ትንፋሻችን ሲገባና ሲወጣ ብቻ እንድናስተውል ነገረችን፤ ሐሳባችን ሲሄድ ሳንቆጣው መልሰን እንድናመጣው። በሆዴ ሳቅሁ። ከተወለድኩ ጀምሮ ሥራዬ ያደረግኩትን መተንፈስ ሊያስተምሩኝ ነው እንዴ አልኩ። ግን በየጠዋቱ ማድረጉን አልተውኩም፤ በሦስተኛው ሳምንት ርቆኝ የነበረውን እንቅልፍ ተኛሁ። ከወራት በኋላም ያንን ዋሻ ብቻዬን ገብቼ በዝግታ ተራምጄ ወጣሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፤ ሌላ ሃይማኖት እንዳይሆን ፈራሁ። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ስታደርገው ማንን ትጠራለህ?» አሉኝ። ማንንም እንደማልጠራ፣ ትንፋሼን ብቻ እንደማይ ነገርኳቸው። «ትንፋሹን የሰጠህን ታውቀዋለህ አይደል? እንግዲያው ስጦታውን ማየት ነውር የለውም። ጸሎትህን ግን እንዳታስቀርበት» አሉኝ። በዚያው ተገላገልኩ።

አንድ ዓመት እንዲህ ከቆየሁ በኋላ ያው ድርጅት በገጠር የሚያስተምር ሰው ፈለገ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ብለው ይመስለኛል፣ እኔን መረጡኝ። የመጀመሪያው ሥልጠና ለሙከራ ብልባላ በምትባል የገጠር ከተማ ይሰጣል፤ ካማረ እቀጥላለሁ፣ ካላማረ ወደ ወሬዬ እመለሳለሁ። እውነቱን ለመናገር መቀጠሉን በጣም ነበር የፈለግኩት። አባቴ በሕይወት ባይኖሩም «መምህር» ተብዬ መጠራት አማረኝ።

ብልባላ የደረስኩት ከሥልጠናው በፊት ባለው ቀን ነው። ሰዎቹን የሰበሰቡልኝ ቄስ ሞገስ የሚባሉ የአካባቢው ካህን ናቸው። ገና ሰላምታ እንደጨረስን ክንዴን ይዘው ገለል አደረጉኝ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ነገ ከሚመጡት መሐል እማዋይሽ የምትባል እናት አለች። ልጇ ፈንታው በዚያ ጊዜ እንደ ወጣ ቀርቷል። አብሮት የነበረ ሰው መጥቶ በእጄ ቀበርኩት ብሎ ነግሮናል። ለእሷ መርዶ አልተነገራትም።»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት።»

እንዴት ሁለት ዓመት እንደቆየ አስረዱኝ። መጀመሪያ መኸር ይግባ ተባለ። ከዚያ ሴት ልጇ አርግዛ ስለነበር እስክትወልድ ይቆይ ተባለ። ከዚያ ሁዳዴ ይውጣ ተባለ። ሁዳዴ ሲወጣ እሷን ደም ግፊት አስተኛት። «ከዚያ በኋላ ደግሞ መዘግየታችን ራሱ አሳፈረን» አሉ። ብልባላ በሙሉ ያውቃል፤ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞታል። እሷ ግን በየገበያው ቀን መንገድ ዳር ቆማ ከጋሸና የሚመጣው መኪና ሰው እስኪያራግፍ ትጠብቃለች። የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ ነው ወደ ገበያዋ የምትሄደው።

«ስለዚህ አደራህን» አሉኝ፤ «ሞት፣ ኀዘን የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ። አስበንበት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በወጉ ነው የሚነገራት። በአንተ ሥልጠና መሐል እንዳይሆን።»

«አይሥጉ ቄስ፣ ቃል መምረጥ እኮ ሥራዬ ነው» አልኳቸው።

ወዲያው ማስታወሻዬን አውጥቼ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። «ሞት» የሚለውን ሰረዝኩ። «ማጣት» የሚለውን ሰረዝኩ። «ልጅ» የሚለውን ሰረዝኩ። «ያለፈውን መተው» የሚል አንድ አርእስት ነበረኝ፤ ለክፉም ለደጉም ብዬ እሱንም ሰረዝኩት። ሳበቃ በጥንቃቄዬ ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቃል የተገባልኝ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፈተና ተይዞበት አገኘሁት። ፀሐዩ ደግሞ ከወዲሁ ከርሯል። የእድሩን ዕቃ ወደሚጠብቁት አያ ደምሌ ሄጄ ድንኳን እንዲያውሱኝ ጠየቅሁ።

«ለምን?» አሉኝ።

«ለሥልጠናው። ለጥላ።»

«ድንኳን?»

«ድንኳን።»

ጢማቸውን አሻሹ። «በል ከመንገዱ ገባ አድርገህ ትከለው» አሉኝ። ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለው ድንጋያማ ነው፤ ካስማ አይቀበልም። ደግሞም ሥልጠና እንዴት እንደሚዘጋጅ ወልድያ ድረስ ሄጄ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲህ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ብለው ገመዱን ሰጡኝ። የገበያው መንገድ ዳር ተከልነው።

ሰዉ መጣ። አግዳሚዎቹን ወንዶቹ በአንድ ወገን ያዙ፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ሰሌን አንጥፈው ተቀመጡ። እንዲህ ሁኑ ያላቸው ሰው የለም፤ እግራቸው የለመደውን ነው ያደረጉት። ቄስ ሞገስ መጨረሻ ላይ መጡና ደጁ ላይ ቆም አሉ።

«ድንኳን ተከልክ» አሉ።

«ፀሐዩ ነው ቄስ።»

በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ገብተው ተቀመጡ።

እትዬ እማዋይሽን ሳይነግሩኝ ለየኋቸው። ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው አምጥተው ለጎረቤቶቻቸው ዘገን ዘገን እያደረጉ ሰጡ። ለእኔም ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይኸ ትምህርት እንቅልፍ ለነሣው ሰው ይሆናል?» አሉኝ።

«ይሆናል እናቴ። እኔን ራሴን ረድቶኛል።»

«እሰይ» አሉ።

ጀመርን። ዓይናችሁን ጨፍኑ ስላቸው ሴቶቹ ተጎሻሸሙ፣ አንድ ሽማግሌ «ልናሸልብ ነው እንዴ የመጣነው?» ብለው አሳቁ። ቀስ በቀስ ግን ረጋ አሉ። አንገታቸውን ደፉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። በሕይወቴ አውርቼ እንጂ ሰው ዝም አሰኝቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ። አባቴ ቢያዩኝ ብዬ አሰብኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «በአፍንጫችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ትንፋሽ ሳቡ» አልኩ።

በዚህ መሐል ማር በማሰሮ ይዛ ወደ ገበያ የምትወርድ አንዲት መንገደኛ ድንኳኑ አጠገብ ደረሰች። እሷ የቆመችበት ሆናችሁ እዩት። የእድር ድንኳን ተተክሏል። ወንዶች አግዳሚ ላይ፣ ሴቶች ሰሌን ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቄስ አሉ። የሚናገር ሰው የለም። በእኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው የሚጠይቀው።

ማሰሮዋን ካስማው ሥር አስቀመጠች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ወየው፣ ወየው» እያለች ገባች።

እኔ ብድግ ብዬ «እህቴ፣ እህቴ፣ ይቅርታ» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ለቅሶ የደረሰን ሰው ብቻውን ማስለቀስ ደግሞ ነውር ነው። ከሴቶቹ ሁለቱ ሦስቱ ዓይናቸውን ገና በወጉ ሳይገልጡ አብረዋት አለቀሱ። እጃቸው በራሱ ጊዜ ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቅ አየሁት። አስተማሪው እኔ ነኝ፣ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

መንገደኛዋ የሚበቃትን ያህል አለቀሰችና ተቀመጠች። ፊቷን ጠረገች። አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል ብላ በቀስታ፣ «ለመሆኑ ማን ነው?» አለች።

ሴትየዋ የምትለው ስም አልነበራትም። ግን ሳታስበው ዓይኗ ወደ እትዬ እማዋይሽ ሄደ። የሌሎቹም ተከተለ። የወንዶቹም። የእኔም። ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ እዚህ ላይ ነው፤ ቃሉን ሁሉ በእርሳስ ሰርዤ ዓይኔን ረሳሁት።

እትዬ እማዋይሽ አንድ በአንድ አዩን። ቀና ብለው የድንኳኑን ጣራ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸ ሥልጠና ነው?»

«ሥልጠና ነው እናቴ። በማርያም ሥልጠና ነው።»

«ፈንታው አለ?»

አለ ብል ውሸት ነው። የለም ማለት ደግሞ የእኔ ፈንታ አይደለም፤ መርዶ የሚናገር ሰው አለው፣ ወግ አለው። አሥራ አምስት ዓመት በሁለት ቋንቋ ያወራ አፌ አንድ ቃል አጣ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ መልስ እንደሆነ የገባኝ እሳቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው።

ቄስ ሞገስ ተነሡ። «እማዋይሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ። «ፈንታው ዐርፏል። ሁለት ዓመቱ ነው። የደበቅንሽ እኛ ነን። ይኸ ልጅ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።»

የመጨረሻው እውነት አልነበረም። እኔን ለማዳን ብለው ነው የዋሹት።

እትዬ እማዋይሽ ወዲያው አላለቀሱም። ነጠላቸውን ፈቱ፣ ቆሎው ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያ አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ነው ልጃቸውን በስሙ የጠሩት። ያን ጊዜ ሁሉም ለሁለት ዓመት የያዘውን አወጣው። ወንዶቹ ተነሥተው ቆሙ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ያልጎደለበት ቤት አልነበረምና እያንዳንዱ የራሱንም አለቀሰ። ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው ባለ ማሯ ናት፤ ጥፋቱ የእሷ መስሏት «እኔን፣ እኔን» እያለች ደረቷን ትመታ ነበር። ገበያዋን ትታ እስከ ማምሻው አብራን ዋለች።

እኔ ላይ ያ የዋሻው ነገር መጣብኝ። ልቤ ይመታል፣ ትንፋሼ አልወርድ አለ፣ እግሬ ወደ መንገዱ ሊወስደኝ ፈለገ። ቀኝ እጄን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ አደረግሁና ቆምኩ። አንድ ትንፋሽ አየሁ፣ ሌላ አየሁ። ከዋሻው ሸሽቼ ነበር፤ ከድንኳኑ ግን አልሄድኩም። ፈርቼ ነበር፣ አፍሬም ነበር፣ ግን አልሄድኩም።

ድንኳኑ ሦስት ቀን እዚያው ቆየ። አያ ደምሌ የቀሩትን አግዳሚዎች ተሸክመው መጡ። እወቀሳለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ገመዱን ነካ ነካ አድርገው፣ «አስተሳሰሩንስ አውቀህበታል» ብለውኝ አለፉ።

ለድርጅቱ ደውዬ ሥልጠናው ወደ ለቅሶ መለወጡን ተናገርኩ። የምታስተባብረን ሴት «ስትመለስ እንነጋገራለን» አለችኝ። እኔ በልቤ ጨርሼ ነበር። ወደ ዋሻዬ እመለሳለሁ፣ ሰው የማስተማር ነገር ለእኔ አልተፈጠረም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ልሰናበታቸው ገባሁ። እትዬ እማዋይሽ ሰሌኑ ላይ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ምን አደረግከኝ?» አሉ። ድምፃቸው ዘግቷል። «ያቃጠለኝ ሰው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ሳላውቅ መኖሬ ነው። ከጋሸና መኪና ሲመጣ ስቆም ሰው ለምን ፊቱን እንደሚያዞርብኝ አሁን ነው የገባኝ።» ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። እሳቸው ወደ እኔ ቀና ብለው፣ «ይልቅ አንተ አንድ ነገር አለብህ» አሉኝ።

«ምን እናቴ?»

«ትንፋሽ ሳቡ ብለኸን ልቀቁ ሳትለን እኮ ነው የቀረኸው።»

ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ ውስጥ ፍርፍር አለች፤ ያን ድንኳን ከተከልኩት ወዲህ ከውስጡ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ የዚህች ሴት ነው፣ ከሽማግሌው ቀልድ በቀር። እትዬ እማዋይሽ ግን አልቀለዱም፤ እየጠበቁኝ ነበር።

ፊት ለፊታቸው ሰሌኑ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይን ማስጨፈኑን ተውኩት። «ሳቡ» አልኩ፣ ሳቡ። «ልቀቁ» አልኩ፣ ለቀቁ። ረጅም ነበር። ሴቶቹም አብረውን አደረጉ። አሥር ጊዜ ያህል ደገምነው፤ ከዚያ እትዬ እማዋይሽ «በል አሁን ሂድ፣ መኪና ያመልጥሃል» አሉኝ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነው።

ድርጅቱ ሰው ልኮ ብልባላዎችን ጠየቀ። «ያ ድንኳን ተካዩ ይመለስልን» አሉ አሉ። እስከ ዛሬ ስሜ እዚያ «ድንኳን ተካዩ» ነው፤ «መምህር» የሚለኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አሁን ፍላቂትም፣ ጋሸናም አስተምራለሁ። ጥላ ስፈልግ ዛፍ እፈልጋለሁ። ዓይን አላስጨፍንም፤ መቆም የለመደ በዱላው ተደግፎ ይቁም እላለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ወደ አገሩ ካህን ወይም ሽማግሌ ሄጄ፣ መርዶ ያልተነገረው ሰው አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ፍላቂት ላይ «አለ» አሉኝ። «እንግዲያው እሱን መጀመሪያ በወጉ ንገሩት፣ ከዚያ ጥሩኝ» ብዬ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።

ያደረግኩት በጎ ነበር ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ለፈንታው ተዝካር ተጠርቼ ሄጄ ሳለ ቄስ ሞገስ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ነገር ነገሩኝ። «ድንኳኑን ሳየው ላስነቅልህ እችል ነበር» አሉ። «ደክሞኝ ነበር ልጄ። ሁለት ዓመት እሷን ባየሁ ቁጥር መንገድ ስቀይር ነው የኖርኩት። እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ተቀመጥኩ።» ይህን ከሰማሁ በኋላ ትንሽ ቀለለኝ፣ ግን ኀፍረቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። እንዲለቀኝም የምፈልግ አይመስለኝም፤ ከእሱ ነው የተማርኩት።

እትዬ እማዋይሽ አሁን ወደ ገበያ ሲሄዱ መኪናው ጋ አይቆሙም። ብልባላ ስሄድ ሰሌናቸውን ይዘው ቀድመው ይመጣሉ፤ ፊት ለፊቴም ይቀመጣሉ። «ሳቡ» ካልኩ በኋላ ሰው ቢገባም፣ ስልክ ቢጮህም፣ ዝናብ ቢወርድም፣ መጀመሪያ «ልቀቁ» እላለሁ። ምን እንደመጣ ዞሬ የማየው ከዚያ በኋላ ነው።